ሐመሩ ሐ የት ይግባ?

ፊደል እያየነው የማናየው ነገር ነው። ጽሑፉን እናነባለን እንጂ ጽሑፉ የለበሰውን ልብስ ማን ልብ ይለዋል? እኔ ግን ሰሞኑን አንድ ፊደል ዓይኔን ይዞት ሰንብቷል። ወፍራም ነው። ጠርዙ እንደ ደረጃ እርከን እርከን ይላል። ክብ መሆን የነበረበት ሁሉ በትንንሽ ካሬ የተደረደረ ነው። የጌም ርዕስ ላይ አለ፣ ቲሸርት ደረት ላይ አለ፣ የሙዚቃ ድግስ ፖስተር ላይ አለ። ድሮ ቲቪ ጌም የተጫወተ ሰው ሲያየው ፈገግ ይላል። ያልተጫወተውም ፈገግ ይላል፤ ፋሽን ነዋ!

ወጣቶቹ «ፒክስል ፎንት» ይሉታል። ፒክስል ማለት ስክሪን ላይ ያለች አንዲት የብርሃን ነጥብ ናት። ፊደሉ በነዚህ ነጥቦች ድርድር የተሠራና ነጥቦቹንም የማይደብቅ ስለሆነ ነው ስሙን ያገኘው። ዛሬ እንዲህ ያሉ ፎንቶች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የታወቀው ግን «ፕሬስ ስታርት 2ፒ» የሚባለው ነው። በነፃ ይገኛል፣ የፈለገ አውርዶ ይጠቀምበታል። የዛሬው ወጌ ይህን ፊደልና ዘመዶቹን በሚመለከት ነው። ምስጋናም ወቀሳም አለኝ፤ ምስጋናውን ላስቀድም። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1976 የአታሪ እህት ኩባንያ የነበረው ኪ ጌምስ «ኩዊዝ ሾው» የሚባል በሳንቲም የሚሠራ የመጫወቻ ማሽን አወጣ። ጥያቄ የሚጠይቅ ጌም ስለነበር ጽሑፉ መነበብ ነበረበት። በዚያ ማሽን ላይ የታየውን የፊደል ቅርጽ በኋላ የጃፓኑ ናምኮ ወሰደው፤ በ1980 በፓክማን፣ በ1981 ደግሞ በጋላጋ ዓለም ሁሉ አወቀው። «ፕሬስ ስታርት 2ፒ»ም የተቀዳው ከዚሁ ከናምኮ ፊደል ነው።

እንግዲህ ያንን ፊደል የሣለው ሰው የተሰጠውን መሬት እንመልከት። ለአንድ ፊደል የተፈቀደው 8 ነጥብ በ8 ነጥብ የሆነ ካሬ ነው። ፊደሎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ባዶ ይተዋሉ። የቀረው 7 በ7፣ ማለትም 49 ነጥብ ነው። በ49 ነጥብ ውስጥ ኤም የሚባለውን ፊደል ሣልና አሳየኝ ቢሉህ ምን ታደርጋለህ?

በዚያ ላይ የዘመኑ ስክሪን አለ። የድሮው ቴሌቪዥን ሥዕሉን የሚያወጣው ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጠ መስታወቱን በሚመታ ጨረር ነው። አግድም መስመር ሲሆን ጨረሩ እንደበራ ይሄዳል፤ ጥሩ ይታያል። ቁም መስመር ሲሆን ግን ጨረሩ ለአፍታ ብልጭ ብሎ መጥፋት አለበት። የአንድ ነጥብ ውፍረት ብቻ ከሆነ ሳይጠግብ ያልፋል፤ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሠሪው ምን አደረገ? ቁሙን መስመር ሁለት ነጥብ፣ አግድሙን አንድ ነጥብ አደረገው። የፊደሉ ውፍረት የመጣው ከዚህ ነው። ለማማር አልነበረም፤ ለመታየት ነበር።

ይህን ሳውቅ ነው ፊደሉን ያከበርኩት። ደፋር ነው የምንለው መልኩ ድፍረት ሳይሆን ብልሃት ነው። በእጁ ያለውን 49 ነጥብ አንድም ሳያባክን፣ ማሽኑ የቱን እንደሚያበላሽ አውቆ፣ ከዚያ በፊት ለፊት የሚያመልጥ የእጅ ሥራ ነው። ሸክላ ሠሪ ጭቃዋን እንደምታውቅ፣ ይህም ሰው መስታወቱን ያውቀዋል።

ሌላም ምስክር አለኝ። በ1984 የአፕል ማኪንቶሽ ሲወጣ ስክሪኑ 512 በ342 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ነጥቧ ወይ ጥቁር ናት ወይ ነጭ፣ መሐል ቤት የለም። ለሜኑው የሚሆነውን ፊደል የሣለችው ሱዛን ኬር ናት፤ ስሙም ቺካጎ ይባላል። እሷም ቁሙን ሁለት ነጥብ አደረገችው። ውፍረቱ አንድ ተጨማሪ ጥቅም ነበረው። ኮምፒዩተሩ «ይህ ትዕዛዝ አሁን አይሠራም» ሲል ጽሑፉን ግራጫ ማድረግ ነበረበት፤ ግራጫ ግን የለውም። ስለዚህ ከየሁለቱ ነጥብ አንዷን ያጠፋል። ግማሽ አካሉ ተወስዶበትም ቺካጎ ይነበብ ነበር! በ2001 የመጀመሪያው አይፖድ ሲመጣም ያው ቺካጎ በትንሿ ስክሪን ላይ እንደገና ሥራ ጀመረ። አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ ሥራ የሚያገኝ ፊደል ስንት አለ?

ናምኮንና ቺካጎን የሚለያቸውን አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን። በናምኮ ቤት ሁሉም ፊደል እኩል 8 ነጥብ ቦታ ይይዛል፤ ቀጭኑም ወፍራሙም። በቺካጎ ቤት ግን ቀጭኑ ጠበብ፣ ሰፊው ሰፋ ያለ ቦታ ያገኛል። አንደኛው ለሁሉም እኩል ይሰጣል፣ ሁለተኛው ለእያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ።

አሁን ወደ ወቀሳው ልምጣ። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው የስልክ ስክሪን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። የድሮው ኖኪያ 3310 84 በ48፣ ሲባዛ 4,032 ነጥብ ብቻ ነበረው። ዛሬ ማንም 49 ነጥብ ላይ ተጨናንቆ ፊደል እንዲሥል የሚያስገድደው የለም። «ፕሬስ ስታርት 2ፒ»ን የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው ወዶ ነው። ወዶ ሲመርጥ ደግሞ ዳኝነት ይኖራል።

በቦታው ሲገባ ደስ ይላል። በ2014 የወጣው ሾቭል ናይት የሚባል ጌም ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ፊደሉንም በድሮው ኔንቲዶ ልክ ሠርቶታል፤ ሁሉም አንድ ቋንቋ ስለሚናገር ፊደሉ እንግዳ አይሆንም። አጭር ቃል፣ ነጥብ፣ «ጀምር»፣ «ጌሙ አልቋል» ለማለት ከዚህ ፊደል የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ሲጮህ ያምርበታል። ችግሩ ሲተርክ ነው። ሁሉም ፊደል እኩል ቦታ ስለሚይዝ ረጅም አንቀጽ ሲሆን መስመሩ ላይ ጉድጓድ ይበዛል፣ ዓይን ይደናቀፋል። አንድ ገጽ ሙሉ በዚህ ፊደል የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ አንባቢያቸውን ምን ቢበድላቸው ነው እላለሁ።

ሌላው ጥፋት መጠኑ ነው። ይህ ፊደል በ8፣ በ16፣ በ24፣ በቃ በስምንት ብዜት ሲጻፍ እያንዳንዱ ነጥብ በትክክል ቦታው ላይ ያርፋል። በ11 ወይም በ13 ሲጽፉት ግን ነጥቡ ከስክሪኑ ነጥብ ጋር አይገጥምም፤ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ አንዱ እግር ይወፍራል ሌላው ይቀጥናል። ለጥራት ተብሎ የተፈጠረው ፊደል ብዥ ብሎ ሲታይ የሽማግሌን መነጽር ሰርቆ ለፋሽን እንደሚያደርግ ጎረምሳ ነው። መነጽሩ አለ፤ ማየቱ የለም።

እስካሁን የሰው ጉዳይ ነው ያወራሁት። አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

አንድ ጌም የሚሠራ ወጣት በቅርቡ ሥራውን አሳየኝ። ገበጣን በስልክ ማጫወት ነው የፈለገው። ሥዕሉ ሁሉ በዚያው በድሮው ካሬ ነጥብ ተሠርቷል፤ ጠጠሮቹ ሲንከባለሉ ያምራሉ። ርዕሱ ግን በላቲን ፊደል ነው። ያውም ታየንና ጠየን በማይለይ ፊደል! የማያውቅ ሰው ሲያነበው «ገበታ» ይለዋል፤ ጠጠር ይዞ የሚመጣውን ጌም ምሳ ይዞ የሚመጣ ያስመስለዋል። «ለምን በአማርኛ አትጽፈውም?» አልኩት። ሞክሮ አሳየኝ። «ፕሬስ ስታርት 2ፒ» የላቲን፣ የግሪክና የሲሪሊክ ፊደላት አሉት፤ የኛ የለውም። ስልኩ የጠፋውን ፊደል ከሌላ ፎንት አምጥቶ ለጠፈበት። እንግሊዝኛው ወፍራምና ባለካሬ፣ አማርኛው ቀጭንና ልሙጥ። ሙሽራው ካባ ደርቦ ሚዜው በፒጃማ እንደ መጣ ያህል ነው። አንዳንዱ ማሽን ላይ ደግሞ እሱም አይገኝም፤ የምናውቀው ባዶ ሳጥን ብቻ ይደረደራል።

«ታዲያ አንዱን የአማርኛ ፎንት አሳንሰህ ነጥብ በነጥብ አታደርገውም?» ይል ይሆናል አንባቢ። ይህንንም የሚያደርጉ አሉ። ውጤቱ ግን ያሳዝናል። ልሙጥ ፊደል በማሽን ሲጨመቅ የኃምሱ ቀለበት ይደፈናል፣ እግሮቹ ይጣበቃሉ። ማሽኑ የትኛው ነጥብ ነፍስ እንደሆነች፣ የትኛዋ ትርፍ እንደሆነች አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ፊደል የቆጠረ ሰው ነው።

እስቲ እኛው እንሞክረው። ሐመሩ ሐን በናምኮ ቤት እናስገባው። ሦስት እግር አለው። እያንዳንዱ እግር ሁለት ነጥብ፣ መሐሉ ክፍተት አንድ አንድ ነጥብ ብንል ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፤ ድምሩ 8። ቤቱ ሞላ፤ ለጎረቤት የሚተው ባዶ ዓምድ የለም። እሺ፣ ለላቲኑ ኤም እንደተደረገው የመሐሉን እግር እናቅጥነው፤ 7 ሆነ፣ ገባ። እሰይ! ግን ይሄ ግዕዙ ብቻ ነው። ካዕቡ ሑ ሲመጣ በቀኝ ጎኑ ቀጥላ ይፈልጋል። ኃምሱ ሔ ሲመጣ ቀለበት ይፈልጋል፤ ቀለበት ደግሞ መሐሉ ክፍት እንዲሆን ቢያንስ ሦስት ነጥብ ይበላል። የት ይግባ? ጠ እና ጨም ከነቤተሰቦቻቸው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ቁጥሩም አለ። ላቲኑ ለጌም በ26 ትልልቅ ፊደላት ይበቃዋል። በስምንት በስምንቱ ካሬ አንድ ፊደል 8 ባይት ይፈጃል፤ 26ቱ 208 ባይት ናቸው። የኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231፣ ባይቱ 1,848። ያውም ዲቃሎቹን እነ ቋንና ጓን፣ አኀዙን፣ ነጠላ ሰረዙን ሳንቆጥር። በ1983 በጃፓን የወጣው የኔንቲዶ ፋሚኮም ለጀርባ ሥዕሉ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ባለስምንት ነጥብ ካሬ ነበር። ፊደላችን ብቻውን 231ዱን ቢወስድ ለዛፉ፣ ለግንቡ፣ ለደመናው የሚቀረው 25 ነው። ጃፓኖቹ ራሳቸው ተጨንቀውበታል፤ ድምፅ የምትለውጠውን ትንሽ ምልክት ከፊደሉ ነጥለው በላዩ ባለው ካሬ ላይ እያስቀመጡ ቦታ ይቆጥቡ ነበር። ለነሱ ይሆናል፤ ምልክታቸው ድሮም ለብቻዋ የቆመች ናት። የኛ ግን ከፊደሉ አካል የበቀለች ናት። ሲነጥሏት ትደማለች።

ይህን ደም ከዚህ በፊት አይተነዋል። ኢንጂነር አያና ብሩ ስማቸው የሚነሣበት የአማርኛ ታይፕራይተር ትልቅ ሥራ ነበር፤ ቢሮው ሁሉ በሱ ሠርቷል። ነገር ግን ማሽኑ በጥቂት ቁልፎች ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ማውጣት ስላለበት ፊደሉን መትቶ ምልክቱን በሌላ ቁልፍ መጨመር ግድ ሆነ። የዚያን ዘመን የቢሮ ደብዳቤ ያነበበ ያስታውሰዋል፤ ቅጥያዋ ከፊደሉ ራቅ ብላ፣ አንዳንዴ ዝቅ አንዳንዴ ከፍ ብላ ተንጠልጥላ። ማሽኑ ለሌላ ፊደል ተሠርቶ ስለመጣ የኛ ፊደል ተቆራርጦ እንዲገባ ተደረገ። ያኔ አማራጭ አልነበረም፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ዛሬ ግን ምን ቸግሮን? ባለሁለት ሚሊዮን ነጥብ ስክሪን ይዘን በ49 ነጥብ ቤት ፊደላችንን እግሩን አጥፎ እንዲተኛ የምናስገድደው ለምንድን ነው?

«ታዲያ ይቅርብና!» የሚል አይጠፋም። «ይህ የፈረንጅ ናፍቆት ነው፤ የኛ ልጅ ምን አገባው?» እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ለምን ብትሉ፣ ይህ ፊደል በጠባዩ ከማንም ይልቅ ለኛ ይቀርባል። ቁሙ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን አላልንም? የብራና ጽሕፈታችንን አስቡት። ጸሐፊው በመቃ ብዕር ሲጽፍ የፊደሉን እግር ወፈር አድርጎ ያወርደዋል፤ አግድሙን ቀጠን አድርጎ ያሻግረዋል። ናምኮ በቴሌቪዥን ጨረር ምክንያት የደረሰበትን ውፍረትና ቅጥነት የኛ ደብተራዎች በመቃ ጫፍ ሲሠሩበት ኖረዋል። ስለዚህ ለኛ የማይሆነው ጠባዩ አይደለም፤ የቤቱ ስፋት ነው።

ስፋቱን ደግሞ ማስተካከል ይቻላል። ከላይ ልብ በሉልኝ ያልኩት የቺካጎ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ለሁሉም እኩል 8 ነጥብ የሚለውን ትተን ለእያንዳንዱ እንደ አካሉ ብንሰጠውስ? ነ አንድ እግር ነው ያለው፤ በጠባብ ቦታ ይቆማል። በ ሁለት እግር አለው፤ ትንሽ ሰፋ ይበልለት። ሐመሩ ሐ ሦስት እግሩን ሁለት ሁለት ነጥብ አድርጎ፣ መሐሉን ሁለት ሁለት ነጥብ ከፍቶ 10 ይሆናል፤ የሔ ቀለበት 3 ቢጨምር 13፣ ለጎረቤት አንድ ቢተው 14። በ16 ነጥብ ቤት ውስጥ ተንደላቆ ይኖራል። ይህ ሒሳብ የሚጠይቀው እርሳስና ባለካሬ ደብተር ብቻ ነው።

መነሻ የሚሆን ሥራም አለ። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር መዝገብ አስገብቶታል፤ የአንዱ ፕሮግራም ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይል የነበረው ችግር መፍትሔ ያገኘው በዚህ ነው። ዩኒፎንት የሚባለው ነፃ ፎንትም ፊደላቱን በ8 በ16 ወይም በ16 በ16 ነጥብ ይሥላል፤ የኛም ፊደል እዚያ ውስጥ አለ። መስመሩ ግን የአንድ ነጥብ ውፍረት ነው። ለመዝገብ ይበቃል፣ ለመነበብም ይሆናል፤ የጌም ርዕስ ሆኖ ከሩቅ እንዲጠራህ ግን አልተሠራም። አጽሙ አለ፤ ሥጋውን የሚያለብሰው ሠሪ ነው የሚጠበቀው።

ነገሩን የጌም ጨዋታ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ በየሱቁና በየባንኩ ደጃፍ በኤልኢዲ መብራት የሚሮጡትን ጽሑፎች ቆም ብሎ ይመልከት። እነሱም ባለነጥብ ፊደሎች ናቸው፤ ጌም ተጫውቶ የማያውቅ ሰውም በየቀኑ ያነባቸዋል። የካዕቡን ቀጥላ የያዙት መብራቶች ቢቃጠሉ «ቤቱ» የነበረው «ቤተ» ይሆናል። ቀጥላዋ ወርዳ ቀለበት ከመሰለች ደግሞ «ቤቱ» የነበረው «ቤቴ» ሆኖ ቁጭ ይላል። «ልጁ» እና «ልጄ»ም እንዲሁ ናቸው። በላቲን አንዲት ነጥብ ብትጎድል ፊደሉ ያስጠላል፤ በኛ ግን ባለቤቱ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ፊደል በግምት አይሣልም።

ለዚያ የገበጣ ልጅ የነገርኩትን ለናንተም ልድገመውና ልጨርስ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ከናምኮና ከሱዛን ኬር የምንወስደው ነገር ካለ ካሬውን አይደለም። ካሬው የማሽናቸው ዕዳ ነበር፤ እኛ የለብንም። የምንወስደው ጭንቅላቱን ነው፤ እያንዳንዷን ነጥብ «አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ የመጠየቁን ልማድ። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ «ከየትኛው ልጀምር?» ብሎኛል። ከሐመሩ ሐ ጀምር አልኩት። እሱን የሚያስገባ ቤት ከሠራህ ሌሎቹ አያስቸግሩህም።